ብሎን ሞላ ነው

ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር) የብረት ብሎን በወጥ ቤታችን ሚዛን 20 ግራም ይመዝናል። እኔ ከቲታኒየም አውጥቼ፣ ከአናቱ ወደ ውስጥ ቦርቡሬ የሠራሁት አቻው 10.2 ግራም ነው። ባለቤቴን ዐይንሽን ጨፍኚ አልኳትና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መዳፏ ላይ አኖርኩላት፤ የቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ለየች። "ለዚህች ነው ሦስት ወር ሙሉ እያመሸህ የምትገባው?" አለችኝ። ለዚህችና አብረዋት ለተሠሩት 45 ብሎኖች ነው።

ቀን ቀን ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ ከተማ፣ የሕክምና መሣሪያ ክፍሎች በሚያመርት ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአንድ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ግማሽ ሀንጋር ተከራይቼ አውሮፕላን እሠራለሁ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ናት፤ ከጀመርኳት አምስተኛ ዓመቴ ነው። የአሜሪካ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። አንድ ሰው ለመማርና ለመዝናናት ብሎ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በራሱ እጅ ከሠራ፣ አውሮፕላኑ ተመርምሮ "የሙከራ፣ በአማተር የተሠራ" በሚባለው መደብ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሞተሯ የቮልስ ነው። አዎ፣ ያው አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው ቮልስ። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙበት፣ ካርተሩ (የሞተሩ ዋና ቀፎ) ማግኒዥየም የሆነ ሞተር ነው። አውሮፕላን በየቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይህን ሞተር ሰማይ ላይ ሲያበሩት ኖረዋል። የእኔው ወደ 1835 ሲሲ ሰፍቶ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል።

እኔ ግን የምኖረው ባሕር ጠለል ላይ አይደለም። ሀንጋሬ ያለበት ቦታ ከፍታው 1,670 ሜትር ግድም ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ገና ጎማዬ ከመሬት ሳይነሳ ከ60ው ፈረስ ዐሥሩ የለም። የሐምሌ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ሩቡ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የሚቀረው። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው "ፀሐይ" አውሮፕላን ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ነበር። በ2024 ከጣሊያን ስትመለስ ምስሉን እያየሁ፣ እንባዬ እየመጣ፣ ጭንቅላቴ ግን "በዚያ ከፍታ ስንቱ ፈረስ ቀርቶላት ነው የተነሳችው?" እያለ ያሰላ ነበር። ደጋ ላይ አውሮፕላን ለሚሠራ ሰው ጉልበት መጨመር ካልሆነለት የቀረው ክብደት መቀነስ ነው። ያም ሆኖ ብሎን ላይ የደረስኩት ሌላው ሁሉ ተፍቆ ካለቀ በኋላ ነው።

አባቴ ሶማሌ ተራ አጠገብ ቶርኖ ቤት ነበረው። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ የአንድ ቮልስ ማርሚታ ሳስር ብሎን በጠስኩ። አልተቆጣኝም። የተበጠሰውን ቁራጭ እጄ ላይ አድርጎ "ብሎን ምንድን ነው?" አለኝ።

"ማሰሪያ ነዋ፣ አባዬ።"

"አይደለም። ሞላ ነው። ስታጠብቀው ይለጠጣል። ወደ ቦታዬ ልመለስ ሲል ነው ሁለቱን ብረት ጨምቆ የሚይዝልህ። አብዝተህ ከለጠጥከው ሞላነቱ ያልቃል። ካልለጠጥከው ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ የገባ እንጨት በለው።"

ያኔ ብረት ይለጠጣል ሲባል ሊዋጥልኝ አልቻለም። እዚህ አገር መጥቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ የአባቴን ነገር በቁጥር ተጽፎ አገኘሁት። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚያስር ባለ 8 የብረት ብሎን በ12 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከአንድ ቶን በሚበልጥ ጭነት ሲወጠር 0.044 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መገጣጠሚያውን ጨምቆ የሚይዘው ይቺ ከፀጉር የምትቀጥን መለጠጥ ናት፤ ሌላ ነገር የለም።

ብዙ ሰው ቲታኒየም ከብረት የጠነከረ ይመስለዋል። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ብረት ይበልጠዋል። የቲታኒየም አንዱ ጸጋ ቅለቱ ነው፤ እኔ የተጠቀምኩበት፣ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት ቅይጥ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 4.43 ግራም ሲሆን ብረት 7.85 ነው። ለእኔ ግን ከቅለቱ የሚበልጥብኝ ሌላው ጸባዩ ነው። ግትርነቱ ከብረት ግማሽ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ በዚያው 12 ኪሎ ኒውተን 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ይህ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ፦ ሞተር ሲንቀጠቀጥ የተጣበቁት ፊቶች እየተዳመጡ ይቀመጣሉ። አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀመጡ የብረቱ ብሎን ከውጥረቱ ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ያጣል። ቲታኒየሙ የሚያጣው ከስምንት እጅ አንዱን ነው። በሙቀትም እንዲሁ ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብሎኑ ይልቅ ስለሚያብጥ ብሎኑን ይስበዋል። ቲታኒየም በሙቀት የሚያብጠው ከብረትም ያነሰ ስለሆነ ጭነቱ የሚከብድበት ይመስላል፤ ሆኖም ልል ሞላ ስለሆነ የሚጨመርበት ጭነት ከብረቱ ያንሳል። ይህን በወረቀት ያሰላሁ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ሁሉ በደብተር መዘገብኩ። ያኔ ያየሁት ነገር አሳዘነኝ። ቀድሜ ራሴ ካሰርኳቸው ብሎኖች ብዙዎቹ ከዳዶው (ጥርሱ ላይ ከሚዞረው ማጥበቂያ) አልፈው ሰባት ስምንት ጥርስ ወጥተው ነበር፤ አንዳንዱ ርዝመቱን ለመሙላት ሦስት ሮንዴላ (ዝርግ የብረት ቀለበት) ተደርድሮበታል። ሥራ የማይሠራ ብረት ተሸክሜ ልበር ነበር ማለት ነው። ከዳዶው ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ ብቻ እንዲወጣ ርዝመታቸውን አስተካክዬ፣ ትርፉን ሮንዴላ ሳወጣ፣ ምንም ቲታኒየም ሳልነካ 140 ግራም ወረደ። ይህን የምጽፈው ገንዘብ ለማያባክን አንባቢ ነው። ቲታኒየም ከመግዛታችሁ በፊት ርዝመት ለኩ።

ከዚያ በኋላ 46ቱን መረጥኩ። 22ቱ ባለ 8፣ 24ቱ ባለ 6 ናቸው። የካርቡራተሩ መቀመጫ፣ የአየር ማስገቢያው ቱቦ አንገት፣ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ የማቀጣጠያው ሳህን፣ ነፋሱን ወደ ሲሊንደር የሚመሩት ቆርቆሮዎች ይገኙባቸዋል። የወርክሾፑ ባለቤት ማታ ማታ ቶርኖውን እንድጠቀም ፈቀደልኝ።

ቲታኒየም ቶርኖ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከቁርጥራጩ ጋር አይወጣም፤ ቢላው ጫፍ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 45 ሜትር አውርጄ፣ ቢላው ሁልጊዜ ስል ሆኖ፣ ማቀዝቀዣው እየጎረፈ፣ አመጋገቡ ሳይቋረጥ ነው የሠራሁት። አንዴ ቢላው ቆሞ ካሻሸው ፊቱ ይደድርና የሚቀጥለውን ቢላ ይበላል። እንደ ፀጉር የቀጠነው ፍቅፋቂ ደግሞ እሳት ይይዛል፤ ነጭ ሆኖ ነው የሚነደው፣ ውኃ ሲነካው ይብስበታል። አጠገቤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ሳላስቀምጥ ማሽኑን አስነስቼ አላውቅም።

ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው፦ ክብደት ለመቀነስ ዳዶውንም ከቲታኒየም ሠራሁት። ጥርሱን ሳልቀባ በእጄ አስገባሁት፣ እንደ ቅቤ ገባ። በቁልፍ ሳጠብቀው ግማሽ ላይ ነከሰ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ስፈታው ብሎኑ ተጠምዞ ተበጠሰ፤ ዳዶው ውስጥ የቀረውን ጥርስ በማጉያ ሳየው ሁለቱ ብረቶች ቀልጠው የተጣበቁ ይመስሉ ነበር። ቲታኒየም በቲታኒየም ላይ ሲፈተግ ይህ ጸባዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ሁሉ በሞሊብዲነም ቅባት እቀባለሁ። ቅባት ሲኖር ደግሞ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው ቁልፍ) የሚያነበው ቁጥር ትርጉሙ ይለወጣል፤ በደረቅ ጥርስ በተጻፈ ቁጥር ያጠበቀ ሰው ብሎኑን ከሚገባው በላይ ይለጥጠዋል። እኔ ሁለቱም ጫፍ የሚደረስበትን ብሎን በማይክሮሜትር ከማጥበቄ በፊትና በኋላ እየለካሁ፣ ስንት ቶርክ ስንት መለጠጥ እንደሚሰጠኝ የራሴን ሠንጠረዥ አወጣሁ።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነበር፤ ደግነቱ በሰው ምክር ተረፍኩ። ቲታኒየሙን ዳዶ ትቼ፣ ወርቃማ መልክ ያላቸው፣ ካድሚየም የተቀቡ የአውሮፕላን ዳዶዎች ገዛሁ። ከጎኔ ሀንጋር ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ መካኒክ ሆነው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሳጥኑን አነሱና "ይህን ከቲታኒየም ጋር አታገናኝ" አሉኝ። ጭነትና ሙቀት ባለበት ቦታ ካድሚየም ወደ ቲታኒየም ውስጥ እየገባ ያሰባብረዋል፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይሰነጠቃል። የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር። እሳቸው በዚያ ጠዋት ቡና ሊጠጡ ባይመጡ ኖሮ 22ቱንም አስሬ ነበር። አሁን ያሉት ዳዶዎች ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ በደረቅ ማለስለሻ የተለበጡ፣ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው፤ ናይለን ያለባቸውን ከሞተሩ አካባቢ አስወግጃለሁ፣ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ በላይ አይታመንም። ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃም ከጠረጴዛዬ አንስቻለሁ፤ እሱም ለቲታኒየም ጠላት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል እገባለሁ፤ መቦርቦሩ።

ባለ 8 ብሎን ጥርስ በሌለበት አንገቱ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ጥርሱ ላይ ግን፣ ሸለቆው ስለሚቀንስበት፣ ጭነት የሚሸከመው 36.6 ብቻ ነው። ብሎን ደግሞ የሚበጠሰው ደካማው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ አንገቱ ላይ ያለው 13 ካሬ ሚሊ ሜትር ትርፍ ምን ይሠራል? ለጥንካሬው ምንም አይጨምርም። ከአናቱ ባለ 4 ፑንታ (መብሻ) ባስገባ 12.6 አወጣለሁ፤ የሚቀረው 37.7 ነው፣ አሁንም ከጥርሱ ይበልጣል። ከዚያም በላይ የቀጠነው አንገት የተሻለ ሞላ ይሆናል።

ሁሉ ነገሩ ግን ያለው ፑንታው የት ይቆማል የሚለው ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መካከል በአንዱ 6 ሚሊ ሜትር አሳልፌ ጥርሱ ሥር ድረስ ገባሁ። ያን ብሎን ሆን ብዬ አስቀመጥኩትና ወርክሾፑ ባለው መጎተቻ ማሽን ላይ አወጣሁት። ትክክለኛዎቹ ሦስቱ ናሙናዎች 34 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ሲደርሱ፣ ሁሉም ዳዶው መግቢያ ላይ ባለው የመጀመሪያው ጥርስ ተበጠሱ። የቦረቦርኩት ቦታ ደህና ነበር። አልፎ የገባው ግን በ23 ሄደ። አንድ ሦስተኛውን ጥንካሬ የወሰደችው ዐይን የማታያት፣ ውስጥ የተደበቀች 6 ሚሊ ሜትር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፑንታው ከጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይቆማል፣ ጫፉም ክብ ሆኖ የተሳለ ነው፣ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጥልቀት ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ስንጥቅ በሚያሳየው ቀይ ፈሳሽ ፈትሻቸዋለሁ።

ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ ሲነሳ ቻርሊ ቴይለር ትዝ ይለኛል። የራይት ወንድማማቾችን የመጀመሪያ ሞተር በ1903 በስድስት ሳምንት ገደማ የሠራው እሱ ነው፤ እንደ እኔ ቶርኖ ሠራተኛ። ካርተሩ አሉሚኒየም ነበር፣ ጉልበቱ 12 ፈረስ። ሞተሩ መብረሪያ ቦታቸው ኪቲ ሆክ ላይ ሲነሳ ንዝረቱ የፕሮፔለር ዘንጎቹን ጥርሳም መዘውሮች እየፈታ አስቸገራቸው፤ በመጨረሻ የብስክሌት ጎማ ማጣበቂያ ጥርሱ ውስጥ አፍስሰው ነው ያቆሙት። ያ ሲስተካከል ደግሞ ቱቦ የነበረው የፕሮፔለር ዘንግ ተሰነጠቀ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ኦርቪል በባቡር ከተማቸው ዴይተን ድረስ ተመልሶ፣ ድፍን የብረት ዘንጎች ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ታኅሣሥ ውስጥ የበረሩት። የቀለለውን በከበደ ለመለወጥ ያን ሁሉ መንገድ መሄዳቸውን ሳስብ አከብራቸዋለሁ።

ለዚህ ነው ያልነካኋቸው ብሎኖች ከነካኋቸው የሚበልጡብኝ። የቢዬላዎቹ (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኙት ክንዶች) ብሎኖች፣ ካርተሩን ለሁለት የሚያስሩት ባለ 12ቶቹ፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) የሚይዙት ረጃጅሞች፣ የፕሮፔለሩ ብሎኖች፣ ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያገናኙት፤ አንዳቸውንም አልሠራሁም፣ አልሠራምም። ፋብሪካ የሚሠራው ጥሩ ብሎን ጥርሱ በቢላ አይቆረጥም፤ በሁለት ቅርጽ መካከል ተጨፍልቆ ይወጣል፣ የብረቱ ጅማት ሳይበጠስ የጥርሱን ቅርጽ ይዞ ይታጠፋል፣ ሸለቆውም ተጨፍልቆ ይደድራል። እንዲህ ያለው ጥርስ ሚሊዮን ጊዜ ቢጫንና ቢለቀቅ ድካም ቶሎ አይገባበትም። እኔ የማወጣው በቢላ የተቆረጠ ጥርስ ነው። ሸለቆውን የቻልኩትን ያህል ክብ አድርጌዋለሁ፤ ያም ሆኖ የተቆረጠ ጥርስ ነው። ካርቡራተር ለመያዝ ይበቃል። በእያንዳንዱ ዙር ፒስተን ለሚጎትተው ቢዬላ አይበቃም። የቴስታታዎቹን ረጃጅም ብሎኖች በተመለከተ ደግሞ ቮልስዋገን ራሱ ቀድሞኛል፤ በኋለኞቹ ሞተሮች ባለ 10ሩን ትቶ ቀጭኑን ባለ 8 ያስገባው ሲሊንደሩና ቴስታታው በሙቀት አብጠው ሲስቡት ከማግኒዥየሙ ካርተር ጥርሱን ነቅሎ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም እየተለጠጠ እንዲከተላቸው ነው። አባቴ ያንን ቀጭን ብሎን እያሳየኝ ነበር ሞላ ነው ያለኝ ብል የምዋሽ አይመስለኝም፤ ቤቱ ውስጥ በየጥጉ የቮልስ ሞተር ነበር።

ድምሩን እነሆ። 46ቱ የብረት ብሎኖችና 22ቱ ዳዶዎች 698 ግራም ነበሩ። አሁን 372 ናቸው። 326 ግራም ቀነስኩ፤ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ቤንዚን። ሦስት ወር ለዚህ ይገባል ወይ የሚለኝ ወዳጅ ብዙ ነው። እኔ ይገባል እላለሁ። ክብደቱ የወጣው ከአፍንጫዋ ላይ ነው፣ በጣም ከሚከብዳት ቦታ። ከዚያም በላይ ሞተሬ ላይ የሠራሁት እያንዳንዱ ብሎን ስንት እንደሚለጠጥ አውቃለሁ፤ ከሱቅ ገዝቼ ብሆን ይህን አላውቅም ነበር።

ሞተሩ አሁን መቆሚያው ላይ 10 ሰዓት ሠርቷል። እያንዳንዱ ዳዶ ላይ ከብሎኑ እስከ ሳህኑ የሚያልፍ ቀይ የቀለም መስመር አለ፤ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ባለፈው እሁድ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ በግራው አየር ማስገቢያ አንገት ላይ አንዱ መስመር በአንድ ሚሊ ሜትር ተሰብሮ አገኘሁት። ፈታሁት። ብሎኑ ደህና ነው፣ ዳዶው ደህና ነው። አናቱ ሥር ግን ሳህኑን ስቀባ ሳላስተውል የገባ ቀለም ነበር፤ ብሎኑ የተለጠጠው 0.08 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ያ ቀለም 0.05 ይሆናል። ሙቀቱ ሲያለሰልሰው ቀለሙ ተጨፍልቆ ወጣ፣ ውጥረቱም አብሮ ሄደ።

ፎቶውን ለአባቴ ላክሁለት። አሁን ዐይኑ ደክሟል፤ እህቴ እያሰፋች አሳየችው። ከዚያ ስልኩን ወሰደ።

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ መስመራቸው አልተነካም፣ አባዬ።"

"ፈትተህ እያቸው።"

በዚያ ሳህን ላይ የቀሩትን ሰባቱን ፈታሁ። ከሁለቱ ሥር ቀለም ነበረ። ፍቄ፣ አጽድቼ፣ ቀብቼ፣ እንደገና አጠበቅኋቸውና አዲስ ቀይ መስመር አሰመርኩባቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አስነሳለሁ።